አውጥተህስ ማን ሊያስተምረው?

ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ብትቀመጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ብትቆም፣ ደለስ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች መሀል ብትገባ ወሬው አንድ ሆኗል። «ልጆቼን ከፐብሊክ ስኩል ላወጣቸው ነው፤ ሆምስኩል ላደርጋቸው ነው።» ይህን ላለ ሰው ራሱን የማይነቀንቅለት የለም። «ማን ነው የሚያስተምራቸው?» ስትል ግን ሁሉም ስልኩን ያያል።

እኔ ስልኬን አላይም። ደጋግሜ ነው የምጠይቀው፤ መሀል ላይ ያለው ልጅ ነውና። ልጅ ደግሞ የሰባት ዓመት ዕድሜውን ሁለቴ አይኖረውም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ልጅን ቤት ማስተማር አሜሪካ ውስጥ መብት ነው፤ ከ1993 ጀምሮ በ50ውም ስቴት ሕጋዊ ነው። አሳምረው የሚያስተምሩ እናቶችም አሉን፤ ኋላ ወደነሱ እመጣለሁ። የምከራከረው ደንግጦ ከሚያወጣ ሰው ጋር ነው። ድንጋጤ ልጁን ከክፍል ያስወጣዋል፤ ማባዛት አያስተምረውም። ስለዚህ በየቡናው የሚባለውን እያነሳሁ እመልሳለሁ። የምትቀየም ካለህ ተቀየም፤ ልጅህ ማንበብ ሲችል እንታረቃለን።

«ሆምስኩል እኮ የኛው ባህል ነው። አባቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ቤታቸው ሆነው አይደል?»

የትኛው አባትህ? ዋሸራ ቅኔ ሊቆጥር የሄደው ነው? ቤተልሔም ድጓ ሊማር፣ ጎንደር አቋቋም ሊማር የተሰደደው ነው? ያ ልጅ የእናቱን ጓዳ ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እያባረረው ነው የተማረው። የወሎ ደረሳም እንዲሁ ነው፤ ኪታብ ፍለጋ ከሼህ ወደ ሼህ፣ ካገር አገር ሲዞር ነው ያደገው። ወላጆቹ ሳይወዱት ቀርተው አይደለም የላኩት። እውቀት ያለው የተማረ ሰው ዘንድ ነው ብለው ስላመኑ፣ የሚሳሱለትን ልጅ አውጥተው ሰጡ። ባህል ካልክ ባህሉ ይኸው ነው፤ መምህር ፍለጋ መሄድ። አንተ መምህሩ ሳይገኝ ነው ልጁን ይዘህ የምትመለሰው።

«ኮቪድ ጊዜ ቤት አስተምረናቸው የለም እንዴ?»

አላስተማርናቸውም። ቤት አስቀመጥናቸው። በዚያ ወቅት የምር ቤት ማስተማር የጀመሩ አሉ፤ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እንደመዘገበው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች ውስጥ በ2020 ጸደይ ከመቶ 5.4 የነበሩት፣ በዚያው ዓመት መኸር 11.1 ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ከ3.3 ወደ 16.1 ነው የዘለለው። እኛ አብዛኞቻችን ግን ካውንቲው የሰጠውን ክሮምቡክ ልጁ ፊት ደቅነን፣ ቲቸሯ በስክሪን ስታስተምር፣ ካሜራው እንዳያየን ግድግዳ ተጠግተን ኪችን ስንገባ ስንወጣ ነበር። ትምህርቱን ያዘጋጀችው እሷ፤ የቤት ሥራውን ያረመችው እሷ፤ ልጁ ካሜራውን ሲያጠፋ ስሙን የጠራችው እሷ። ያኔ ወዲያኛው ጫፍ ላይ መምህር ነበረች። አሁን ስታወጣው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን አለ?

«ቨርጂኒያ ነኝ። በሃይማኖት ምክንያት ነው ካልክ ማንም አይጠይቅህም ብለውኛል።»

የነገረህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ። በተለመደው መንገድ ቤት ላስተምር ካልክ ቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 አሳውቅ ይልሃል፤ የምታስተምረውን ዘርዝር ይልሃል። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል፤ በፈተና ከሆነ ከ9ኙ እርከን 4ኛውና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። በሃይማኖት የሚፈቀደው ሌላ ነው፤ የተፈቀደለት ሰው በየዓመቱ ማስረጃ አያቀርብም። ያ ግን ለእውነተኛ እምነት የተሰጠ ነው። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ልጅህን ቢጫው ባስ ላይ ስታሳፍር የነበርክ ሰውዬ፣ እምነትህ ማታ ነው የተለወጠው? በሃይማኖት ስም ፈርመህ ከቅጽ ለማምለጥ ነው ሃይማኖት ያለህ?

ደግሞስ «ማንም አይጠይቅህም» የተባለው ጥቅም ነው? የሚጠይቅ ሰው ያስፈለገው ለልጁ ነው። አንተ ብትታመም፣ ሥራ ብትቀይር፣ ብትሰለች፣ ልጁም ዓመቱን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ሳይገልጥ ቢከርም ማን ሊያውቅ ነው? ሜሪላንድ ከመጀመርህ ቢያንስ 15 ቀን ቀድመህ አሳውቅ ይላል። ከዚያም በካውንቲው ሥር ከሆንክ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማርህን የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ያይብሃል። «ጣጣው!» አልከኝ። ወረቀቱ ጣጣ ከሆነብህ ማስተማሩ ምን ሊሆንብህ ነው?

«መጻሕፍቱንስ? ለሕፃን ምን እንደሚያነቡለት አልሰማህም?»

ሰምቻለሁ፤ ይህን ስጋት አላጣጥልም። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2022 መጨረሻ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና ስለ ጾታ ማንነት የሚናገሩ የሕፃናት መጻሕፍትን በአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ አስገባ። መጀመሪያ ወላጅ «ልጄ ለዚያ ሰዓት ይውጣልኝ» ማለት ይችል ነበር፤ በማርች 2023 ያ ቀረ። በዚያ ክረምት ሮክቪል የትምህርት ቦርዱ ደጃፍ ሄደህ ነበር? ሂጃብ የለበሰችው እናትና ነጠላ ያጣፋችው እናት ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ አንዷ ልጅ ያዘለች፣ አንዷ ከሥራ ዩኒፎርሟ ጋር። ሌሎች ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ተወሰነ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ካውንቲው መጻሕፍቱ ከመነበባቸው በፊት ያሳውቅ፣ ወላጅም ልጁን ማስወጣት ይቻለው ተባለ።

«አየህ! ለዚህ እኮ ነው የማወጣው።»

ሲያሸንፉልህ ነው የምትወጣው? እነዚያ እናቶች ፀሐይ ላይ የቆሙት ልጃቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ የወላጁ ቃል እንዲከበርለት ነው። አሁን ማሳወቂያው ይላክልሃል። የት እንደሚላክ ታውቃለህ? ኢሜይልህና ፓረንትቪው በሚባለው የወላጆች ገጽ ላይ። ፓስወርዱ ማን ጋ ነው? ልጅህ ጋ። የልጅህን ውጤት፣ ቀሪውን፣ የመምህሯን መልእክት የምታይበትን በር ቁልፍ ለልጅህ ሰጥተህ «ትምህርት ቤቱ ምንም አይነግረኝም» ትለኛለህ። ዛሬ ማታ ፓስወርዱን ቀይር። ከዚያ በኋላ ስለ መጻሕፍቱ እናወራለን።

«ስንመዘገብ ቤት የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው ሲሉ አማርኛ ብዬ ጉድ ሆንኩ። ኢሶል የሚሉት የእንግሊዝኛ ክፍል ከተቱት። እዚያ ከሚዘገይ ቤት ይማር።»

እህቴ፣ ጉድ የሆንሽው በምንሽ ነው? እንግሊዝኛ ለማያውቅ ልጅ ተጨማሪ እርዳታ ይሰጠው የተባለው በችሮታ አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ወላጆች ተሟግተው በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ያስገኙት ነው። ልጁን ለብቻው አውጥታ ሦስት አራት ሆነው የምታስነብበው መምህርት፣ በግል ብትቀጥሪያት በሰዓት ስንት ትከፍያት ነበር? በየዓመቱ ይፈተናል፤ ሲያልፍ ይወጣል። ካልፈለግሽውም «ይቅርብኝ» ብለሽ መፈረም ትችያለሽ፤ ዓመታዊው ፈተና ብቻ አይቀርለትም። አማርኛችንን ቅጽ ላይ የምትደብቁት ሰዎች ግን በጣም ነው የምታሳዝኑኝ። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ነው ያንን ቅጽ የምትሞሉት። ያያችኋል።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

«ልጁ ምንም የለበትም። አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው። ስም ሳይለጥፉበት ቤቱ ይማር።» ይህን ያሉኝ አያት ናቸው፤ ልጅ ሊያርሱ ከአገር ቤት መጥተው የቀሩ። እማማ፣ የእርስዎን ፍቅር ማንም አይጠራጠርም። ልጁን የሚያስታምሙት፣ የሚያጎርሱት፣ ሲጮኽ አዝለው የሚያባብሉት እርስዎ ነዎት። ግን አራት ዓመት አልፎት «ውሃ» ማለት ያልቻለን ልጅ ቤት ስናቆየው ከማን ነው የምንሰውረው? ከጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ አያስተምረውም፣ አያሳክመውም፣ ሲያድግም አይጦረውም።

ከ1975 ጀምሮ በዚህ አገር ሕግ ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት የአካል ጉዳት ወይም የእድገት ችግር ያለበትን ልጅ በነጻ፣ እንደ ሁኔታው ማስተማር አለበት። ወላጅ ልጄ ይመርመርልኝ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል። ካለበት አይኢፒ የሚባል ለሱ ብቻ የሚጻፍ እቅድ ይወጣለታል፤ የንግግር ሕክምናው፣ የእጅ ጡንቻ ሥልጠናው፣ ረዳት መምህሩ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ወላጅ የሚፈርምበት፣ የማይስማማበትን ተከራክሮ የሚያስቀይረው ሰነድ ነው። ከትምህርት ቤት አውጥተህ ቤት ስታስተምረው ያንን ሁሉ እንደ መብት የመጠየቅ አቅምህ አብሮ ይወጣል። ይህን የሚነግርህ ቡና ላይ የለም።

አንድ አባት አውቃለሁ፤ ሾፌር ነው። ትምህርት ቤቱ የልጁን ምርመራ እንዲፈቅድ የላከለትን ወረቀት ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ ለወራት ዞረ። ፀሐይ መታው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆነ፣ ቡና ፈሰሰበት። ተሳፋሪ ሲገባ ይገለብጠዋል፤ ተሳፋሪ ሲወርድ ያየዋል። «ከፈረምኩ እውነት ይሆናል» አለኝ። «ባትፈርምስ ውሸት ይሆናል?» አልኩት። ዝም አለኝ፤ ብዙ ደቂቃ ዝም አለኝ፤ እኔም አልጨመርኩበትም። ፈረመ። ልጁ አሁን በየሳምንቱ ከንግግር መምህሯ ጋር ይቀመጣል፤ የፈለገውን በሥዕል ካርድ እያሳየ ይጠይቃል፤ ሲርበው መጮኹን ትቷል። አባቱ ካርዶቹን በአማርኛ አሳትሞ ቤት ፍሪጁ ላይ ለጥፏቸዋል። እንዲህ ያለውን ወላጅ «ልጁ ላይ ስም አስለጠፈ» የምትል ጎረቤት፣ አንቺ የልጁን ስም ታውቂዋለሽ? በስሙ ጠርተሽው ታውቂያለሽ?

«ጥይቱንስ ምን ትለዋለህ?»

እዚህ ላይ ምላሴን እሰበስባለሁ። ልጆች በትምህርት ቤታቸው በጥይት የተገደሉባቸው ኮለምባይን በ1999፣ ሳንዲ ሁክ በ2012፣ ዩቫልዲ በ2022። ልጁ ማታ ራት ላይ «ዛሬ መብራት አጥፍተን ጠረጴዛ ሥር ተደብቀን ተለማመድን» ሲልህ ጉሮሮህ ላይ የሚቆመውን እንጀራ አውቀዋለሁ። በዚህ ስጋት ላይ ማንም ማንንም ሊተርብ አይገባም። የማውቀውን ብቻ ልንገርህ፤ የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ ሲዲሲ እንደሚለው በዚህ አገር ተገድለው ከሚሞቱ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚገደሉት ከመቶ ከ3 በታች ናቸው። ይህ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች አያጽናናም። አንተ ግን የምትወስነው ስለ ልጅህ ነው፤ ስትወስን ፍርሃቱንም ቁጥሩንም ይዘህ ወስን። ሁለቱንም ቆጥረህ «ቤት ይሁንልኝ» ካልክ አልከራከርህም።

«ትምህርት ቤቱ አማርኛውን በላብኝ። ሃይማኖቱን በላብኝ።»

ቆይ፤ ሒሳብ እንሥራ። በዓመት 365 ቀን አለ። ሜሪላንድ ትምህርት ቤቶቹን በዓመት 180 ቀን አስተምሩ ነው የሚለው። 185ቱ የማን ነው? እሱም የ180ው ቀን ማታ ማታው ሳይቆጠር ነው። ትምህርት ቤቱ በ180 ቀን እንግሊዝኛ ካስተማረ ሥራውን ሠራ። አንተ በ185 ቀን አማርኛ ካላስተማርክ ማን ይከሰስ? «ካም ሂር!» ብለህ የምትጠራው አንተ። «ስቶፕ ኢት!» ብለህ የምትቆጣው አንተ። አያቱ በቪዲዮ ሲደውሉ «ሰይ ሃይ» ብለህ ስልኩን የምትደቅንበት አንተ። ሰንበት ትምህርት ቤት አድርሰህ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ ዩትዩብ የምታየውም አንተ ነህ፤ ያውም ልጁ መስኮቱን አንኳክቶ «ጨረስን» እስኪልህ። ሆምስኩል ብታደርገውስ በየትኛው አፍህ ልታስተምረው ነው?

የኛን ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ዋጋ እንደሰጠው ሳታውቅ አትቅር። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም ሃይስኩል ሲጨርስ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ችሎታውን ላስመሰከረ ተማሪ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ዲፕሎማው ላይ ያኖሩለታል። ልጅህ ያንን የሚያገኘው ከወጥ ቤትህ ነው። ማታ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገብህ አስቀምጠው፤ «ሀ ሁ» በለው፤ ሌላ ትምህርት ቤት አይፈልግም።

አሁን ወደ ወዲያኛው ወገን ልዙር፤ ቤት የሚያስተምሩትን ለሚያሙ።

«ያቺ ሴትዮ ልጆቿን ከሰው ለየቻቸው። ሥራዋን ትታ ቤት ተዘግታ ተቀምጣለች።»

ገብተህ አይተሃታል? እኔ አይቻታለሁ። ሥራ ስትለቅ ከባለቤቷ ጋር ተማክረው ወደ ጠባብ አፓርትማ ነው የወረዱት፤ አንድ ደሞዝ ብቻ እንደሚገባ አውቀው። ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ስልኳ ጓዳ ነው የሚቀመጠው። የገባሁ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሦስት የመስታወት ማሰሮ ነበር፤ ሦስቱም ውስጥ እኩል የተመዘነ የጤፍ ቡኮና እርሾ። አንዱ ከፍሪጅ የወጣ፣ አንዱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያደረ፣ አንዱ ማሞቂያው አጠገብ የከረመ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በማስመሪያ ኩፍታውን ትለካለች፣ ሙቀቱን ትጽፋለች፣ ቀኑን ትጽፋለች፣ መስመር ትስላለች። ታናሽየው ከታች በአማርኛ «እርሾ»፣ በእንግሊዝኛ «ይስት» ብሎ ጽፎ ሥዕል እየቀባ ነው። የካውንቲው ሰው ፖርትፎሊዮውን ሊያይ ሲመጣ «ፍሪጅ ያለው ለምን ኩፍ አላለም?» ብሎ ልጅቷን ነው የጠየቃት። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ልጅቷ መለሰች።

ከሰው ለየቻቸው? ከትምህርት በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ላይብረሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። ያንተ ልጅ ሰባት ሰዓት ከስድስት መቶ ልጅ ጋር ውሎ መጥቶ፣ ሄድፎን ሰክቶ፣ በር ዘግቶ ያድራል። ከሰው መለየት ይህ ነው ያም ነው? እሷ ሥራ አልፈታችም። ሥራ ለውጣለች፤ ደሞዙ የቀረባት ሥራ። ያንን የምታከብር ከሆነ ስታገኛት «ምን ላግዝሽ?» በላት።

ልጁን ማውጣት ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ልጅህን የሚደበድቡት ልጆች ካሉና ትምህርት ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለህ፣ በጽሑፍ አመልክት፤ ቀኑን ጻፍበት፤ ርእሰ መምህሩን ስብሰባ ጥራ፤ ካልሰማህ ካውንቲው ድረስ ውጣ። ያን ሁሉ አድርገህ ልጅህ ጠዋት ጠዋት ሆዱን እያመመው ከተነሣ፣ አውጣው፤ ቦርሳውን እኔ እይዝልሃለሁ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ታሞ ይከርማል፤ አንዳንዱ ከክፍሉ እጅግ ቀድሞ ይሰለቻል። እነዚህ ምክንያት ናቸው። «እገሌ አወጣ፣ እኔም ላውጣ» ምክንያት አይደለም።

አንቺ ግን፣ ነርሲንግ ሆም በሽተኛ ስታገላብጪ አድረሽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቤት የምትገቢ እህቴ፣ ሰው ሁሉ ሆምስኩል ሲል ልብሽ የሚሸበር፣ ላንቺ ለብቻው ልናገር። «ልጄን ለማያውቁት ሰዎች ጥዬ የምተኛ እናት ነኝ» አልሽኝ። አልጣልሽውም። ቁርሱን አብልተሽ፣ ጃኬቱን ቆልፈሽ፣ ባስ ማቆሚያው ድረስ በደከመ እግርሽ ሸኝተሽ፣ ባሱ እስኪታጠፍ ቆመሽ ነው የተመለስሽው። ሌሊት ሠርተሽ ጠዋት ክፍልፋይ ልታስተምሪ ብትቀመጪ ሁለተኛው መልመጃ ላይ ጭንቅላትሽ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል፤ ልጁም እንቅልፍሽን እንዳይረብሽ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ተማረ አይባልም። አንቺ ተኚ። የምትከፍይው ግብር መምህሯን ቀጥሮልሻል፤ ከቤት ኪራይሽ ውስጥ ሳይቀር የወጣ ግብር ነው። ስትነሺ ቦርሳውን ክፈቺ። እዚያ ውስጥ ያለውን አቃፊ አውጪ። የሚፈረም ካለ ፈርሚ፤ ያልገባሽ ካለ ነገ ጠይቂ።

«ልጠይቅ ብሄድ እንግሊዝኛዬ አይበቃም። ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ።»

ይኸው ነው እንግዲህ ነገሩን ያበላሸው። ቲቸሯ «የቤት ሥራውን አያመጣም» ትላለች፤ ልጁ «ጎበዝ ነው አለች» ይልሻል፤ አንቺ «ታንክ ዩ» ብለሽ ትወጫለሽ። ከመምህሯ ጋር የተሰጠሽ አሥራ አምስት ደቂቃ በዚህ አለቀ። ልጅ የራሱን ክስ አያስተረጉምም፤ ለሱም ከባድ ነው። ዲሲ ውስጥ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ሞንጎመሪም፣ ፌርፋክስም፣ አሌክሳንድሪያም ለወላጆች የሚልኩትን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ ቀድመሽ መጠየቅ ብቻ ነው ያለብሽ።

አስተርጓሚ ባለበት አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። መምህሯ ስለ ውጤቱ ከመናገሯ በፊት አባትየውን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ «ቤት ሲሆን ምን ያስደስተዋል?» አስተርጓሚዋ በአማርኛ አለችው። አባትየው ጣሪያውን አየ፣ እጁን አየ። «ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ከዚያ ድንገት ትዝ አለውና «መኪናዬን ስጠግን አጠገቤ ይቆማል፤ መፍቻዎቹን በቁጥራቸው ደርድሮ ያቀብለኛል» አለ። መምህሯ ጻፈችው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ክፍልፋይን የተማረው በመፍቻ ነው፤ ግማሽ ኢንች፣ ሩብ ኢንች፣ ሦስት ስምንተኛ።

«ታዲያ እኔስ ምን ላድርግ? ላውጣው ወይስ ልተወው?» ብለህ አሁንም ከጠየቅከኝ፣ ከመወሰንህ በፊት ዛሬ ማታ ለትምህርት ቤቱ አንድ ኢሜይል ጻፍ። የልጅህን ሙሉ ስምና ክፍሉን አስገባ። «መምህሩን ማግኘት እፈልጋለሁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ፤ የሚመቸኝ ሰዓት ይህ ነው» በል። በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበደህ በአማርኛ ጻፈው፤ ማስተርጎሙ የነሱ ሥራ ነው። በቀጠሮው ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቅ፤ ልጅህን ለማስተርጎም አትውሰደው፤ እስክሪብቶና ወረቀት ያዝ።